እከክልኝ ልከክልህ በዋሽንግተን

ከመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ከተነሣ ቶሎ አይበርድም። ባለፈው ሰሞን የተነሣውማ እስከ ዛሬ አልበረደም። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ አንድ መሪ በጎ ሥራ ለመሥራት ብሎ ድምፅ ቢገዛ፣ ለአንዱ ግድብ ለሌላው ሹመት ቢያድል፣ ሥራው በጎነቱን ያጣል ወይስ አያጣም? ግማሾቻችን ፍትሕ ገበያ አይወጣም አልን። ግማሾቻችን ደግሞ፣ ገበያ ሳይወጣ ሕግ የሆነ ፍትሕ የትኛው ነው፣ እስቲ ጥሩልን ብለን ተነሣን። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሰው ተኳረፈ። ስለዚህ ነገሩን በባዶ አፍ ከምናላምጠው አንድ ሰው ይዘን እንመርምር ብለን የአሜሪካን 36ኛ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንን መረጥን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጄምስ ማክግሬገር በርንስ የተባለ አሜሪካዊ የታሪክና የፖለቲካ ምሁር በ1978 «ሊደርሺፕ» ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ መሪነትን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው የሰጥቶ መቀበል አመራር ነው። መሪው ሥራ ይሰጣል፣ ድምፅ ይቀበላል፤ ውለታ ይውላል፣ ውለታ ይጠይቃል። ልውውጡ ሲያልቅ ሁለቱም በየፊናቸው ይሄዳሉ፤ የሚያስተሳስራቸው የጋራ ዓላማ የለም። ሁለተኛው ለዋጭ አመራር ነው። እዚህ ላይ መሪና ተመሪ አንዱ ሌላውን ወደ ላቀ ዓላማ ያነሣሣዋል፤ ሲለያዩም እንደ መጀመሪያው አይሆኑም። በርንስ ይህን የጻፈው ከመጽሐፍ ቤት ወንበር ላይ ሆኖ ብቻ አይደለም፤ በ1958 እሱ ራሱ ከማሳቹሴትስ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተወዳድሮ ወድቋል። የድምፅ ገበያ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ቀምሶታል ማለት ነው። ክፍፍሉ ጥሩ ክፍፍል ነው። ጆንሰንን ግን ከየትኛው ሣጥን እንክተተው? ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰውዬው በ1908 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባል የነበረና ኋላ በዕዳ እርሻውን ያጣ ሰው ነው። ልጁ ከዚህ የተማረው ነገር ቢኖር፣ ዓላማ ያለ አቅም ቤት እንደማያቆም ይመስለናል። በ1928 ገና ተማሪ ሳለ፣ ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ድኾች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት አስተምሯል። ይህችን ኮቱላን አንባቢ ያዝ ያድርግልን፤ እንመለስባታለን። በ1937 የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆነ፣ በ1948 ወደ ሴኔት ተሻገረ። የተሻገረውም በፓርቲው የውስጥ ምርጫ በ87 ድምፅ ብልጫ ነው፤ ያውም ሣጥን ቁጥር 13 ከምትባል አንዲት ሣጥን ዘግይቶ በተገኘ ድምፅ። ስለዚያች ሣጥን እስከ ዛሬ ይታማል።

ሴኔት ውስጥ ነው ጆንሰን እውነተኛ ገበያውን ያገኘ። በ1953 የአናሳው፣ በ1955 የብዙኃኑ ፓርቲ መሪ ሆነ። ያኔ በሴኔት ያለው ሥርዓት የሽማግሌዎች ነበር፤ አዲስ ገብ ለዓመታት ደጅ ጠንቶ ነው ደኅና ኮሚቴ የሚያገኘው። ጆንሰን ይህን ልማድ ሰብሮ ለእያንዳንዱ አዲስ ዴሞክራት አንዳንድ ትልቅ ኮሚቴ አደለ። ነገሩ ሲታይ ለወጣቶቹ አዝኖ ይመስላል፤ ከወጣቶቹ መሐል ግን ያን ቀን ባለ ዕዳ ያልሆነ አልነበረም። ማን ልጁን ሊድር ነው፣ ማን ሐኪም ቤት ተኝቷል፣ ማን በሚመጣው ዓመት ምርጫ ያሰጋዋል፣ ሁሉንም ያውቃል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ሲያግባባ ሰውዬው ላይ ያጎነብስና አፍንጫው ሥር ገብቶ፣ ኮቱን ይዞ፣ አንዴ እየሳቀ አንዴ እየተቆጣ ያናግረዋል። በ1957 የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ ሽማግሌው ሴናተር ቴዎዶር ግሪን ጠረጴዛ ተደግፎ ወደ ኋላ ሲለጠጥ፣ ጆንሰን ፊቱ ላይ ተደፍቶበት ይታያል። እኛ አገር ቢሆን አማላጅ እንለው ነበር፤ ያውም እሺ ካልተባለ ከደጅ የማይነሣ አማላጅ።

የዚያው ዓመት የሲቪል መብት ሕግ የአሠራሩ ናሙና ነው። ደቡባውያን ሴናተሮች ለጥቁሮች መብት የሚሰጥ ማንኛውንም ሕግ በንግግር ብዛት ይገድሉ ነበር፤ ይህንን ፊሊበስተር ይሉታል። የምዕራብ ሴናተሮች ደግሞ በስኔክ ወንዝ ላይ፣ ሄልስ ካንየን በሚባለው ገደል፣ መንግሥት ግድብ እንዲሠራላቸው ይመኙ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ጆንሰን ሁለቱን አጋባቸው፦ ደቡቦች ለግድቡ ድምፅ ሰጡ፣ ምዕራቦች ሕጉን ለማለዘብ ከደቡቦች ጎን ቆሙ፣ ደቡቦችም በኅብረት ፊሊበስተር ሳያደርጉ ሕጉ አለፈ። ከ1875 ወዲህ የመጀመሪያው የሲቪል መብት ሕግ ተባለ። ስሙ ትልቅ ነው፣ ጥርሱ ግን የለም። ግድቡስ? ሴኔት አጽድቆት በታችኛው ምክር ቤት ቀረ። ለምዕራቦቹ ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው። ተመልከቱ እንግዲህ፤ በዚህ ንግድ ያተረፈው ማነው ቢባል፣ በ1960 ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደር ያሰበው ደላላው ራሱ ነው።

ኅዳር 22 ቀን 1963 ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተገደለ። ከሦስት ቀን በኋላ በተደረገው ቀብር ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ዴ ጎል ጎን ሆነው ሬሳውን ተከትለው ሲሄዱ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ብዙዎቻችን አይተነዋል። በዚያው ሰልፍ ውስጥ አዲሱ ፕሬዚዳንት ጆንሰንም ነበር። ከሟቹ የወረሳቸው ሁለት ትልልቅ ሕጎች ምክር ቤት ውስጥ ተቀርቅረው ቆመዋል፤ አንዱ ግብር የሚቀንስ፣ ሌላው የዘር መለያየትን የሚያግድ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ በዝርዝር የምናውቀው ጆንሰን ራሱ የስልክ ንግግሩን በቴፕ ያስቀዳ ስለነበር ነው። ቴፖቹ ከ1993 ጀምሮ እየተከፈቱ ለሕዝብ ቀርበዋል። ከሁሉ የሚያስቀው ከጆርጂያው ሴናተር ከሪቻርድ ራስል ጋር የተነጋገረው ነው። ራስል የደቡባውያኑ አለቃ፣ ለጆንሰን ደግሞ እንደ አባት የሆነ ሰው ነው። ጆንሰን የኬኔዲን ግድያ በሚያጣራው ኮሚሲዮን ውስጥ ሊያስገባው ፈለገ፤ ራስል ሰብሳቢውን ዳኛ ዋረንን ስለማይወድ አልገባም አለ። መልሱ ምን ሆነ? ስምህን ለጋዜጠኞች ቀድሜ አውጥቼዋለሁ! ሰውዬው ገባ፣ ምን ያድርግ።

ግብሩን አስቀደመ። ምክንያቱም የሲቪል መብቱ ክርክር ከተከፈተ ደቡቦች ግብሩን መያዣ አድርገው እንደሚይዙት ያውቃል። የገንዘብ ኮሚቴው ሊቀ መንበር የቨርጂኒያው ሃሪ ባይርድ በጀቱ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በታች ካልሆነ ሕጉን አላሳልፍም አለ። ጆንሰን ወጪውን ቆርጦ ቆርጦ 97.9 ቢሊዮን አደረሰው፤ ቁጠባ ለማሳየት ሲል የቤተ መንግሥቱን መብራት ሳይቀር እየዞረ ያጠፋ ነበር። ባይርድ ሕጉን ራሱ ቢቃወምም ከኮሚቴው ለቀቀው። የካቲት 26 ቀን 1964 ተፈረመ። መያዣ የሚሆን ነገር ከደቡቦች እጅ ወጣ።

አሁን ዋናው መጣ። በታችኛው ምክር ቤት የሪፑብሊካኖቹ መሪ ቻርልስ ሃሌክ ከኢንዲያና ነው። ጆንሰን የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ደውሎ፣ በሃሌክ ወረዳ ለሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር እንዲደረግ ሲያሳስብ በቴፑ ይሰማል። (የጨረቃ ጉዞ ገንዘብ ለዘር እኩልነት ሲውል እንግዲህ ይህ ነው።) ሕጉ የካቲት 10 ቀን በ290 ለ130 አለፈ። ሴኔት ግን ሌላ ነው። ፊሊበስተሩ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ዘለቀ፤ ለማስቆም ከ100ው ሴናተር 67 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ይህም ሪፑብሊካኖች ካልገቡበት አይሞላም። ጆንሰን ሂዩበርት ሃምፍሪን ጠርቶ የሪፑብሊካኖቹን መሪ ኤቨረት ደርክሰንን እንዲይዝ፣ ክብሩንም ሁሉ ለደርክሰን እንዲተውለት አዘዘው። ደርክሰን ሕጉን አንዳንድ ቦታ ላይ አለሰለሰ፣ አስተካከልኩት አለ፣ ሰዎቹን ይዞ መጣ። ይህም ሽያጭ ነው፤ የተሸጠው ግን ሹመት ሳይሆን ስም ነው። ስሙን ለሌላ ሰው መስጠት የሚችል ፖለቲከኛ እኛ ብዙ አላየንም፤ ጆንሰንን የምናደንቀው ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሽማግሌ ቀረ። የአሪዞናው ካርል ሄይደን ከ1927 ጀምሮ ሴኔት ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ ፊሊበስተርን ማስቆም ለትንንሽ ክፍላተ ሀገር መሣሪያቸውን መቀማት ነው ብሎ ያምናል። የዕድሜ ልክ ምኞቱ ደግሞ አንድ ነው፤ የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ በረሃውን አቋርጦ ወደ ፊኒክስ የሚወስድ ቦይ። ጆንሰን ቦዩን ልደግፍልህ አለ፤ ሄይደንም ድምፁ የግድ ካስፈለገ እሰጣለሁ አለ። ሰኔ 10 ቀን ጥሪ ሲደረግ ሄይደን ከአዳራሹ ጀርባ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የካሊፎርኒያው ክሌር ኤንግል በአንጎል ዕጢ ታሞ ምላሱ ታስሮ ነበርና በተሽከርካሪ ወንበር ገብቶ፣ ስሙ ሲጠራ ጣቱን ወደ ዓይኑ ጠቆመ። በእንግሊዝኛ «ዓይን» እና «እደግፋለሁ» አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ቁጥሩ 71 ለ29 ደረሰ። የሄይደን ድምፅ አላስፈለገም፤ ገባና ተቃውሞ ሰጠ። ሕጉ ራሱ ሲቀርብ ግን ደገፈ። ሐምሌ 2 ቀን 1964 ጆንሰን ፈረመበት።

ክርክራችን የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። ከእኛ መሐል አንዱ ወገን፣ ይኸውላችሁ፣ በልውውጥ የተገኘ ነጻነት፣ አለ። ሌላው ወገን ደግሞ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል አልነበረም፦ ያው ሰውዬ፣ ያው ጥበብ፣ ያው ሴኔት ሆኖ በ1957 ጥርስ የሌለው ሕግ፣ በ1964 ጥርስ ያለው ሕግ የተገኘው ለምንድነው? በመሐሉ ምን ተለወጠ? የተለወጠው ደላላው አይደለም፤ የዕቃው ዋጋ ነው። በ1963 በርሚንግሃም ላይ ውሻና የእሳት አደጋ ውሃ የተለቀቀባቸው ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ዋሽንግተን ገባ። ቄሶችና ራቢዎች የምክር ቤት አባሎችን ደጅ ይዘው ቆሙ። ደርክሰን በዚያ ሰኔ ሕጉን ሲደግፍ፣ ጊዜው የደረሰ ሐሳብ አይመለስም በማለት ነው የተናገረው። ያ ሐሳብ በራሱ እግር አልመጣም፤ ያመጡት የቆሰሉ ሰዎች ናቸው። ጆንሰን ለድምፁ ይደራደር እንጂ ድርድሩን የግድ ያደረጉት ሌሎች ናቸው እንላለን። የሚደራደር ሰው ባይኖርስ ኖሮ ያ ሁሉ ደም ወደ ሕግ አንቀጽ ይለወጥ ነበር? ይህንንም ልንክድ አንችልም፤ በዚህ ላይ ከራሳችን ጋር አልተስማማንም።

የሰጥቶ መቀበል ወሰኑ ከሁለት ወር በኋላ ታየ። ነሐሴ 1964 የዴሞክራቶች ጉባኤ በአትላንቲክ ሲቲ ተሰበሰበ። ከሚሲሲፒ የመጣው መልእክተኛ ቡድን በሙሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሮች በዚያ ክፍለ ሀገር እንዳይመርጡ ታግደዋልና። ስለዚህ ጥቁሮቹ የነጻነት ዴሞክራቲክ ፓርቲ ብለው የራሳቸውን ፓርቲ መሥርተው ከስድሳ በላይ መልእክተኛ ይዘው መጡ፣ ወንበሩ የኛ ነው አሉ። ከነሱ መሐል ወይዘሮ ፋኒ ሉ ሄመር ነበሩ። በጥጥ እርሻ ላይ የኖሩ፣ እኛ እኩል አራሽ የምንለው ዓይነት ጭሰኛ ናቸው፤ በ1962 ለመራጭነት ለመመዝገብ በመሞከራቸው ከእርሻው ተባረሩ፣ በ1963 ዊኖና እስር ቤት ውስጥ ተደበደቡ። ነሐሴ 22 ቀን ይህንን በቴሌቪዥን ፊት ሲመሰክሩ ጆንሰን ደነገጠ። ደቡቦች ጥለውት እንዳይወጡ ፈርቷል። ወዲያው ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ራሱ መናገር ጀመረ፤ ካሜራዎቹ ከወይዘሮዋ ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞሩ። አልጠቀመውም። ጣቢያዎቹ ምስክርነቱን ማታ ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በገባበት ሰዓት አሳዩት።

ከዚያ ዋጋው ተቆረጠ፦ ሁለት ወንበር። ያውም የሚቀመጡትን ሁለት ሰዎች ሌላ ሰው መርጦላቸው፣ ያውም በሚሲሲፒ ስም ሳይሆን እንዲያው በጠቅላላ መልእክተኛነት። በተጨማሪም በ1968 ጥቁር የሚያገል ቡድን ጉባኤ እንደማይገባ ተስፋ ተሰጠ። አደራዳሪው ሃምፍሪ ነበር፤ የምክትል ፕሬዚዳንትነቱ ሹመት በዚህ ሥራ ላይ እንደተንጠለጠለ ያውቃል። በዋሽንግተን ሚዛን ሲታይ መጥፎ ዋጋ አይደለም፤ ከዜሮ ወደ ሁለት ነው። የሚሲሲፒ ሰዎች ግን እምቢ አሉ። ወይዘሮ ሄመርም፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለሁለት ወንበር አይደለም የሚል መልስ ሰጡ። ጆንሰን ይህንን እስከ መጨረሻው የተረዳው አይመስለንም። ሁሌ የሚደራደረው የሚሸጥ ነገር ካላቸው ሰዎች ጋር ነበር፤ እነዚህ ግን የያዙት ሕይወታቸውን ብቻ ነው፣ እሱም ቀድሞ በጨረታ ላይ ውሏል። በዚያው ሰኔ ሦስት የመብት ታጋዮች ሚሲሲፒ ውስጥ ተገድለዋል። ንግዱስ ምን አተረፈ? ነጮቹ የሚሲሲፒ መልእክተኞች በአብዛኛው ጉባኤውን ጥለው ወጡ፤ በኅዳሩ ምርጫ ጆንሰን አገሩን በሞላ ጠራርጎ ሲያሸንፍ ሚሲሲፒ ከመቶ 87 እጁን ለተቃዋሚው ለጎልድዋተር ሰጠች። በ1968 ግን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት የሚሲሲፒ ቡድን ጉባኤው ውስጥ ሲቀመጥ ወይዘሮ ሄመር ከመካከላቸው ነበሩ። ተስፋው ተከፍሏል ማለት ነው፤ ለጆንሰን ወገን ፍርድ የምንሰጥ ከሆነ ይህም መነገር አለበት።

መጋቢት 15 ቀን 1965፣ ሴልማ ላይ ሰልፈኞች ከተደበደቡ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ጆንሰን በምክር ቤቶቹ ፊት ቆሞ የመምረጥ መብት ሕግ ጠየቀ። ያን ዕለት አልተደራደረም። የንቅናቄውን መዝሙር ስም በራሱ አፍ ጠራ፤ ስለ ኮቱላም ተናገረ፣ ተርበው ወደ ክፍል ስለሚመጡት ልጆች፣ ለነሱ አንድ ነገር የማድረግ ዕድል ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ አሁን ግን ገጥሞኛል ብሎ። በርንስ ለዋጭ ያለው መሪ ለአንድ ምሽት ብቅ አለ ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ወር እንኳ ሳይቆይ ደላላው ተመለሰ፤ አሁን ግን ገበያው ሩቅ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ለደቡብ ምሥራቅ እስያ ልማት፣ የሜኮንግን ወንዝ ጨምሮ፣ አንድ ቢሊዮን ዶላር እንዲመደብ እጠይቃለሁ አለ። ሰሜን ቬትናምም ሰላም ከወረደ የልማቱ ተካፋይ ትሆናለች። አጠገቡ የነበሩ ሰዎች በኋላ እንደመሰከሩት፣ ሆ ቺ ሚን ይህንን እምቢ ማለት አይችልም ብሎ ያምን ነበር። ግድብ ለሴናተር፣ ግድብ ለሆ ቺ ሚን! በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋም ቫን ዶንግ አራት ነጥብ አወጣ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የአሜሪካ ጦር ይውጣ አለ። አገሩን ለመሸጥ ያልወጣ ሰው ዋጋ ቢነገረው ምን ይገባዋል? በ1968 ቬትናም ውስጥ የነበረው የአሜሪካ ወታደር ከ500,000 በላይ ነበር።

ጦርነቱ የአገር ቤቱንም ገበያ በላው። ጆንሰን በ1967 ከመቶ አሥር ተጨማሪ ግብር ጠየቀ። የታችኛው ምክር ቤት የግብር ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዊልበር ሚልስ መጀመሪያ ወጪ ቀንስ አለው፤ ከአንድ ዓመት ግድም ክርክር በኋላ፣ 6 ቢሊዮን ዶላር ወጪ እንዲቆረጥ ተስማምቶ ነው ግብሩን ያገኘው። ያኔ መጋቢት 31 ቀን 1968 በቴሌቪዥን ዳግመኛ አልወዳደርም ካለ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ዱቤ ነገ እመጣለሁ ለሚል ሰው ነው የሚሰጠው፤ ይህ ሰው ነገ እንደማይመጣ ራሱ አውጇል።

በዚያ በጋ ወዳጁን ዳኛ ኤብ ፎርታስን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሊያደርግ ፈለገ። ራስል እደግፋለሁ ብሎታል። ራስል ደግሞ ለጆርጂያ አሌክሳንደር ሎውረንስ የተባለ ሰው ዳኛ እንዲሆንለት ጠይቋል፤ የሰውዬው ስም ግን የዘር መለያየትን የሚደግፍ ንግግር አድርጎ ነበር በሚል በፍትሕ ሚኒስቴር ተይዞ ቆየ። ሽማግሌው መዘግየቱን እንደ መያዣ ቆጠረው። ሐምሌ 1 ቀን ቃሌን አንሥቻለሁ የሚል ደብዳቤ ጻፈ። የሃያ ዓመት ወዳጅነት በአንድ ዳኛ ሹመት ፈረሰ። ጆንሰን ሎውረንስን ሾመለት፤ ራስል አልተመለሰም።

መስከረም 30 ቀን 1968 ጆንሰን የአሪዞናውን ቦይ ሕግ ፈረመ። የ1964 ዕዳ ተከፈለ። ሄይደን 91 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በማግሥቱ፣ ጥቅምት 1 ቀን፣ በፎርታስ ላይ የተነሣውን ፊሊበስተር ለመዝጋት ሴኔት ድምፅ ሰጠ፤ 45 ለ43፣ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ እጅግ በታች። ፎርታስ ስሙ እንዲነሣለት ጠየቀ። ሄይደን በ1972፣ ጆንሰን በጥር 1973 ሞቱ። የቦዩ ሥራ የተጀመረው በዚያው በ1973 ነው፤ ውሃው ፊኒክስ የደረሰው በ1985።